በበረኪናና በታከመ ውኃ ውስጥ የሚለካው ምንድን ነው?

ለአምደወርቅና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተዘጋጀ ንግግር



የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ ወዲህ በረኪና ከልብስ ማጠቢያነት አልፎ የበር እጀታና የጠረጴዛ መወልወያ ሆኗል። ይሁንና ክሎሪን ለዋግ ኽምራ እንግዳ አይደለም፤ በ2011 ዓ.ም. ኮሌራ በዞኑ በታየ ጊዜም የመጠጥ ውኃ ማከሚያ ነበር። ያኔም ሆነ ዛሬ «ኬሚካሉ ራሱ አይጎዳም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ክሎሪን በውኃ ውስጥ ከሚገኝ የበሰበሰ ቅጠልና መሰል ነገር ጋር ሲገናኝ ትራይሃሎሜቴን የሚባሉ ውሁዶች ይፈጠራሉ፤ የታወቀው ክሎሮፎርም ነው። ይህንንም ኔዘርላንዳዊው የውኃ ኬሚስት ዮሐንስ ሩክ በ1974 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርጓል። በረኪና ደግሞ ገና በጠርሙሱ ውስጥ ሳለ ቀስ በቀስ ወደ ክሎሬት ይለወጣል። ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል፤ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪና በደጋ ጥላ ሥር ከተቀመጠው ቀድሞ ይደክማል። የደከመውን ለማካካስ አብዝቶ የሚጨምር ሰው ክሎሬቱንም አብሮ ያበዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ለክሎሬት 0.7 ሚሊግራም፣ ለክሎሮፎርም 0.3 ሚሊግራም ወሰን አስቀምጧል። እነዚህን ለመለካት ክሮማቶግራፍ የተባለ የላቦራቶሪ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ በየጤና ኬላው የሚጠበቅ አይደለም። በመንደር ደረጃ የሚለካው ነፃ ቀሪ ክሎሪን ነው። ዲፒዲ የተባለው እንክብል በናሙናው ውስጥ ሲሟሟ ውኃው ሮዝ ይሆናል፤ ቀለሙ በደመቀ መጠን ክሎሪኑ በዝቷል ማለት ነው። ውኃው ከታከመ ከ30 ደቂቃ በኋላ በሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም፣ ከቤት ማጠራቀሚያ ሲቀዳ ደግሞ ከ0.2 ያላነሰ ሊገኝ ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አደጋ አለ። ክሎሪኑ እጅግ ሲበዛ የሮዙን ቀለም ራሱ ያነጣዋል፤ ናሙናው ለቅጽበት ቀልቶ ንጹሕ ውኃ ይመስላል። ለካሚውም «ክሎሪን የለውም» ብሎ ሌላ ይጨምራል! ስለዚህ የመወልወያ ድብልቅ እንዳለ በዲፒዲ አይለካም፤ የመጠጥ ውኃም ቀለሙ ታይቶ ከጠፋ ናሙናው ክሎሪን በሌለው ንጹሕ ውኃ ቀጥኖ እንደገና መለካት አለበት።

ተረፈ ምርቱን ፈርቶ ያልታከመ የወንዝ ውኃ መጠጣት ግን ከትንሹ አደጋ ሸሽቶ ወደ ትልቁ መግባት ነው። ኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ የክሎሮፎርም ሥጋት የሚታሰበው በረጅም ዓመታት መጠጣት ነው። ሥጋቱን ለመቀነስ ክሎሪን መተው አያስፈልግም። ድፍርስ ውኃ አስቀድሞ ይጥለል፣ በንጹሕ ነጠላ ይጣራ፣ ከዚያ በኋላ ይታከም፤ ክሎሪኑ የሚያገኘው ቆሻሻ ባነሰ ቁጥር ተረፈ ምርቱም ያንሳል። ለመጠጥ የሚውለው ለውኃ ማከሚያ የተዘጋጀው ምርት ነው፤ መጠኑም በማሸጊያው ላይ ተጽፏል።

ለመወልወያ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 1 ኩባያ ከ49 ኩባያ ውኃ ጋር ይቀላቀላል። ድብልቁ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፤ ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በረኪና የሚገዛ ሰው ትንሹን ጠርሙስ ይምረጥ፣ የተመረተበትን ቀን ይይ፣ ክዳኑን አጥብቆ ሕፃናት በማይደርሱበት ጥላ ሥር ያስቀምጥ።