እህል ያለፈበት መንገድ
(ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጦርነትን ማስቆም ካልቻሉ ምን ይጠቅማሉ የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልናል። መልሱን ከጎረቤታችን ከሱዳን እንፈልግ።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 በደቡብ ሱዳን ጦርነትና ረሀብ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በ1989 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የካርቱምን መንግሥትና አማፅያኑን አነጋግሮ፣ እህል በሁለቱም ወገን ላለው ሕዝብ እንዲደርስ አስማማ። ጦርነቱ አልቆመም፤ እርዳታው የታገደበት ጊዜም ነበር። ሆኖም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ነፍስ ተረፈ። ኢጋድ ደግሞ ለዓመታት ሲያደራድር ቆይቶ፣ የሰላሙ ውል በጥር 2005 ናይሮቢ ላይ ተፈረመ። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ ወጣች፤ በታኅሣሥ 2013 ግን የገዛ ልጆቿ እርስ በርሳቸው ተዋጉ።

እንግዲህ ድርጅቶች መንገድ ያስከፍታሉ፣ ያደራድራሉ፣ ያስፈርማሉ፤ ይህም ቀላል አይደለም። የተቀያየመ ልብ ግን በፊርማ አይታረቅም፤ ይህ የጎረቤትና የምእመናን ሥራ ነው። ስለዚህ እህል ስናድል የማን ወገን ነህ ብለን አንጠይቅ፤ በአንድ ሰልፍ የቆሙትን ባላንጣዎችም እናቀራርብ። ጌታችን ብፁዓን ያላቸው አስታራቂዎችን ነውና።

ሰላሙን ያብዛልን፤ አሜን።