ሲከር ይበጠሳል
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በብስክሌት ለመሄድ እየተሰናዳን ነው። ከመነሣታችን በፊት ግን አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ።

በቅርቡ የጓደኛዬን ብስክሌት ገጣጠምሁለት። የመቀመጫው ዘንግ ካርቦን ነበር። አሮጌ የብረት ብስክሌት ሲጠገን እንዳየሁት፣ ቡሎኑን በረጅም መፍቻ ኃይሌ እስኪያልቅ አጠበቅሁት። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ላዩ ደኅና ስለ መሰለኝ ዝም ብዬ ላስረክበው አሰብሁ፤ ነገር ግን የአንኮበር ቁልቁለት ታወሰኝና ነገርሁት። ዘንጉን አውጥተን ብናየው መያዣው ካረፈበት ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ተገኘ።

በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ የተወዳደሩት ብስክሌተኞቻችን የጋለቡት ብረት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ ሲሆን ግን ዘመኑ የካርቦን ሆኗል። ዕቃው ተለውጧል፤ እጃችን ግን አልተለወጠም። ብረት ጫና ሲበዛበት አብዛኛውን ጊዜ ጎብጦ ያስጠነቅቃል። ካርቦን በሙጫ የተያያዘ ክር ስለሆነ፣ ሲጎትቱት ብርቱ ነው፤ ዙሪያውን ሲጨምቁት ግን ይሰነጠቅና ኋላ በድንገት ይሰበራል። አሉሚንየምም በተደጋጋሚ ጫና ይደክማል።

ስለዚህ በዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠን እናንብብ። ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ይኸውም በ20 ሳንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 2 ኪሎ ተኩል ቢንጠለጠል ማለት ነው። ከዚያ የሚበልጠው ጉልበት ጉዳት እንጂ ጥንካሬ አይጨምርም። የመሪውን ቡሎኖች ተራ በተራ፣ ጥቂት በጥቂት እናጥብቅ። ካርቦን በሚያዝበት ቦታ ግራሶ አንቀባ፤ ያንሸራትታልና፣ ሰውም ሲንሸራተትበት ይበልጥ ያጠብቃል። ለዚሁ የተሠራው አሸዋማ ቅባት በትንሽ ጥብቀት ያስይዛል። ደግሞም ካርቦንና አሉሚንየም በእርጥበትና በላብ ጨው መካከል ሲነካኩ አሉሚንየሙ ይበላና ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ስለዚህ በየጊዜው ፈትተን እንጥረግ።

በመጨረሻም ሁለት ነገር እለምናለሁ። ማኅበራችን የጥብቀቱን መጠን የሚያሳይ አንድ መፍቻ በጋራ ይግዛልን። ዕቃ የጣለ ወይም ከመጠን በላይ ያጠበቀም ጥፋቱን ሲናገር አይሣቅበት፤ ያፈረ ሰው ዝም ይላል፤ ዝምታውን ግን ቁልቁለቱ ላይ የሚከፍልበት ሌላ ሰው ነው።