ለጀጎል ልጆች የቴአትር ክፍለ ጊዜ
(በሐረር ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር ደራሲ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው በዚሁ በሐረር፣ በራስ መኰንን ቤት አድገዋል። በ1910ዎቹ በጻፉት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» እንስሳትን እያናገሩ የጊዜውን አስተዳደር ስለ ነቀፉ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትሩ ታገደ። ቴአትር ኃይል ባይኖረው ማን ያግደው ነበር?

እኛ 7ኛና 8ኛ ክፍል ሳለን ቴአትር የምናየው ዓመቱ ሲዘጋ ብቻ ነበር። ሁለት ሦስት ደፋሮች የሸመደዱትን ይወጡታል፤ ሌሎቻችን እናጨበጭባለን። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሐሳባችሁን ተናገሩ ስንባል ያቀረቀርነው ያን ጊዜ ስላልተለማመድን ነው።

ዛሬ ለእነዚሁ ክፍሎች የክወናና እይታ ጥበባት መማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጅቷል። የምንለምናችሁ ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት ማካካሻ እንዳይውል ነው። መድረክ የለንም አይባል። በሐረሪ ቤት ያለው ነደባ በደረጃ የተሠራ መደብ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ልጁ ሁሉ ያውቃል። እስቲ ቦታ ያለዋውጡ፤ ታናሹ እንደ ሽማግሌ ይፍረድ፤ ጉልበተኛው ተከሳሽ ሆኖ ይቁም። ገበያ ላይ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ የሚያፈራርቅ ልጅ ክፍል ውስጥ ዝም የሚለው የመናገር ተራ ስላልደረሰው ነው።

በሳምንት አንዲት ክፍለ ጊዜ ስጡት። እኛም በክረምት ዕረፍታችን መጥተን ለማገዝ ቃል እንገባለን።