ካርዱ የተወውን ፕሮሰሰሩ ይሸከማል
(በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ኮምፒዩተር በኔትወርክ ላይ ሲዘገይ ብዙዎቻችን የምንወቅሰው መስመሩን ወይም ድራይቨሩን፣ ይኸውም ካርዱን የሚያዝዘውን ፕሮግራም ነው። እኔ ግን ዛሬ የምከሰው የካርዱን አሠራር ነው። ድራይቨር ጸሐፊው የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን ካርዱ ያልተሠራበትን ሊያሠራው አይችልም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በርካሽነቱ የታወቀውን ሪልቴክ 8139ን እንመልከት። ይህ ካርድ የሚመጣለትን ፓኬት ሁሉ በሜሞሪ ውስጥ በአንድ ተከታታይ ቦታ ላይ እያከታተለ ያፈስሰዋል። ድራይቨሩ ፓኬቱን ወደ ሌላ ስፍራ ገልብጦ ቦታውን ቶሎ ካላስለቀቀ የሚቀጥለው ይጠፋል። ሲልክም ከዚህ አይሻልም፤ ያሉት መላኪያዎች 4 ብቻ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ፓኬት ሳይቈራረጥ፣ ያውም አድራሻው ለ4 በሚካፈል ስፍራ እንዲቀመጥለት ይፈልጋል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ግን ብዙ ጊዜ ፓኬቱን በቍርጥራጭ ስለሚያቀርብ፣ ፕሮሰሰሩ እየሰበሰበ ይገለብጣል። 100 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ እስከ 12.5 ሚሊዮን ባይት ነው፤ ይህ ሁሉ በፕሮሰሰሩ ትከሻ!

ከዚህ ከአርዲቦ የሚወጣው ወንዝ ቍልቍል ወደ ሎጎ ሐይቅ ይወርዳል እንጂ በእንስራ የሚያመላልሰው የለም። ዲጂታል የተባለው ኩባንያ «ቱሊፕ» የሚባሉትን ካርዶች ያሠራቸው በዚህ ዐይነት ነበር። ድራይቨሩ የባዶ ቦታዎችን ዝርዝር ያዘጋጃል፤ ካርዱ በየቦታው ፓኬት ይሞላል፤ ድራይቨሩም ሙሉውን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስረክቦ በፈንታው ባዶ ያስቀምጣል።

ለፍሪቢኤስዲ የ8139ን ድራይቨር የጻፈው ቢል ፖል በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ካርዱ ከወገኖቹ ሁሉ የከፋ ሳይሆን እንደማይቀር ጽፏል። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ቢሆንም በርካሽነቱ ኔትወርክ የደረሰው ሰው ጥቂት አይደለምና እኔ ጨርሼ ልረግመው አልደፍርም።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። በፈጣን ፕሮሰሰር ላይ የመገልበጡ ድካም እምብዛም አይታወቅም፤ በደካማው ላይ ግን ፋይል ሲተላለፍ ሌላው ሥራ ይንቀራፈፋል። ርካሹ ካርድ የሚገባው ደግሞ በደካማው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ገዢው «100» የሚለውን ቍጥር አይቶ ገንዘብ ያተርፋል፤ ያተረፈውን በፕሮሰሰሩ ጊዜ ይከፍላል።

ሪልቴክም ራሱ በኋላ 8139ሲ ፕላስ በተባለው ላይ የዝርዝሩን አሠራር አስገብቷል። ስለዚህም ሊነክስ ለአሮጌው አንድ፣ ለዚህኛው ሌላ ድራይቨር አለው። ለቤተ ሙከራ አሮጌ ኮምፒዩተር ስትቀበሉ ክዳኑን ከፍታችሁ በቺፑ ላይ የመደመር ምልክቷ መኖር አለመኖሯን ተመልከቱ።