«አከራካሪ» ስንል ምን ማለታችን ነው?
(መርካቶ፣ ጭድ ተራ የተደረገ ንግግር)



እንግሊዝኛ ውስጥ «አርጊዌብል» የምትባል ባለ ሁለት ፊት ቃል አለች። አንደኛው ፊቷ «ማስረጃ ቀርቦለት ሊሟገቱለት የሚቻል» ነው፤ ሁለተኛው «ገና ያልለየለት፣ የሚያጠራጥር»። ጠበቃ «ጉዳዬ አርጊዌብል ነው» ቢል እየተመካ ነው። ወዳጅህ ያወራኸውን ሰምቶ እንዲያ ካለህ ግን «አላመንኩህም» ማለቱ ነው።

እኛ ጋዜጠኞች «አከራካሪ» ብለን ተረጎምናትና ተገላገልን። እኔም አንዱ ነኝ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም፣ የመንግሥት የሥልጣን ዘመን ይራዘማል ወይስ አይራዘምም ተባለ። «ጉዳዩ አከራካሪ ነው» ብዬ ጽፌ ተኛሁ። ይሄ ዜና ነው እንዴ?

ዜናው ሌላ ነበር። አንዱ ወገን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 54 እና 58 ጠቅሶ «ዘመኑ አምስት ዓመት ነው፣ አለቀ» ይላል። ሌላው «ወረርሽኝ ሲመጣ ምን ይደረግ የሚለውን ሕጉ በግልጽ አልመለሰም፣ ይተርጎም» ይላል። ባለሙያዎች በቴሌቪዥን አስተያየታቸውን ሰጡ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን አራዘመው። ውሳኔው ግን ክርክሩን አልዘጋውም።

እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ጭድ ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ምክንያት ያልገባበት «አከራካሪ»ም እንደዚያው ነው። ከእንግዲህ ቃሏን ጋዜጣ ላይ ስታዩ «ማን ከማን ጋር? በምን ማስረጃ?» በሉን። መልስ ካጣችሁ ጋዜጣውን ለመጠቅለያ አድርጉት!