ጉርድ ፎቶ እንጀራ ባልሆነበት ጊዜ

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የተጠየቅሁት በፎቶ ሥራ እንዴት እንደምተዳደር እንድነግራችሁ ነው። ፎቶ ቤት የለኝም፤ ደመወዝ የሚከፍለኝም የለም። ከኖፓ ተነስቼ የጠሩኝ ቤት ሄጄ አነሳለሁ፣ መቱ አሳትሜ አስረክባለሁ።

ድሮ የፎቶ ቤት እንጀራ ጉርድ ፎቶ ነበር፤ ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ ማመልከቻ። ዛሬ ለፋይዳ ስንመዘገብ ፎቶውን የሚያነሳው መዝጋቢው ነው። ከቀረውም ብዙውን ስልክ ወሰደው። ስለዚህ «ለካሜራ አበድሩኝ፣ በጉርድ ፎቶ እመልሳለሁ» የምትል እህት ብትመጣ፣ እኔ ብሆን አላበድራትም። የቀረው ሥራ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፎቶ ነው፤ የሙሽራ፣ የክርስትና፣ ከመቱ ዩኒቨርሲቲ የሚመረቁ ልጆች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእናቶች።

የእናቶች ያልኩት በምክንያት ነው። ብዙ ቤት የአባወራው ፎቶ አለ፣ የልጆቹ የምረቃ ፎቶ አለ፣ የእናትየው ግን የለም። ስታርፍ የመታወቂያዋን ጉርድ ይዘው ይመጡና «አሳድጊልን» ይሉኛል። ያቺ ትንሽ ፎቶ ስታድግ ፊቷ ይደበዝዛል። ለለቅሶው ከዚያ የተሻለ ነገር የለኝም።

ሙያው በአገራችን ለረጅም ጊዜ የወንድ ነበር። የአጼ ምኒልክ ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሙያውን ያወረሰው ለወንዶች ልጆቹ ነው። ዛሬ ግን በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የሠራችው አይዳ ሙሉነህ አዲስ አበባ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶ ፌስቲቫል መሥርታለች። እኛ ዘንድ ደግሞ ሴት መሆን ራሱ ሥራ ያመጣል። አራስ ቤት እገባለሁ፤ ሙሽራ ስትለብስ አጠገቧ ነኝ። ወንድ ፊት መነሳት የማይፈልጉ ሙስሊም እህቶች እኔን ይጠራሉ። እነሱ የሚከፍሉት ለፎቶው ብቻ አይደለም፣ ለምስጢሩም ነው። ፎቶውን ካስረከብኩ በኋላ እነሱ እያዩ ከካሜራዬም ከስልኬም አጠፋዋለሁ።

ስለ አነሳሱ ብዙ አልልም። የቤታችን ውስጥ ጨለማ ነው፤ እናትየዋን በር አጠገብ ፊቷን ወደ ደጅ አዙሬ አስቀምጣታለሁ። ነጭ ነጠላ ከለበሰች ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ፊቷን ያጠቁራል፤ ብርሃኑን ትንሽ መጨመር ያስፈልጋል። የኢሉባቦር ዝናብ ደግሞ ሌንስ ያሻግታል። የእኔ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ፣ እርጥበት ከሚመጥ ነገር ጋር ነው የሚያድረው።

ብዙዎቻችን የምንወድቀው ዋጋ ላይ ነው። ለምሳሌ ለአንድ ፎቶ 400 ብር ብትቀበዪ፣ ለኅትመትና ለፍሬም 180፣ ለመኪና 100 ብትከፍዪ፣ የቀረሽ 120 ብር ነው፤ ቀኑ ግን አልፏል። በዚያው ጉዞ አምስት ሰው ብታነሺ 1,000 ብር ይቀርሻል። ስለዚህ አምስት ሰው ሳይመዘገብ ከቤቴ አልወጣም። ዋጋውን አስቀድሜ እናገራለሁ፣ ግማሹን ቀብድ እቀበላለሁ። «ቡና ሲሸጥ እከፍላለሁ» የሚለውን የምቀበለው ከጎረቤት ብቻ ነው። ገንዘብ የሚገኘው ከቡና ለቀማ በኋላ ነው፤ በጥር ሠርግ ይበዛል፣ ክረምት ላይ ሥራ የለም። የክረምቱን ቀለብ በጥር እቁብ አስቀምጣለሁ።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። ለሪፖርት ፎቶ ሊያነሱን የሚመጡ ሰዎች አንስተውን ይሄዳሉ፤ የተነሳችው ሴት ፎቶዋን አታየውም። ከእንግዲህ ፎቶው ወዴት እንደሚሄድ ይነገራት፣ ካልፈለገች ይተዋት፣ ከፈለገች አንድ የታተመ ቅጂ ይድረሳት። ሥራውንም ለአባል ስጡን። ማኅበሩም ብድር ሲሰጥ ካሜራውን ብቻ አይመልከት፤ ኅትመቱና መንገዱ ነው ገንዘብ የሚበላው። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጥሩ ስልክ ይበቃል።

ስብሰባው ሲያልቅ በሩ አጠገብ ነኝ። ብርሃኑ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ድረስ ጥሩ ነው። የራሷ ፎቶ ግድግዳዋ ላይ የሌላት እናት ትምጣ፤ ለዛሬ ቀብድ አልጠይቅም።