ሐሳቤ አልሰበሰብ ሲለኝ
በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት ለትራክት የተዘጋጀ
ምንባብ፦ 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 እና 19፤ ዘፀአት 6፥9

የዛሬው ትምህርት በተለይ አልጋ ላይ ሆናችሁ ለምትሰሙን ነው። ቶሎ ከደከማችሁ አትጨነቁ፤ የቻላችሁትን ያህል ስሙ፣ ይበቃል።

በአገልግሎት ደጋግመን የምንሰማው አንድ ጥያቄ አለ። «ፓስተር፣ መጽሐፍ ቅዱሴን እከፍታለሁ። አንዱን ቁጥር አምስት ጊዜ አነበዋለሁ፤ አንድም ነገር አይያዘኝም። ለጸሎት ተንበርክኬ እጀምራለሁ፤ ከሁለት ቃል በኋላ ሐሳቤ ይበተናል። ጌታ ትቶኝ ይሆን?» ይላሉ። ይህን የሚጠይቁት ሰነፎች አይደሉም። ብዙዎቹ ለዓመታት ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ወይም ራስ ምታቱ አይለቃቸውም፣ ወይም ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሕመም ይዟቸዋል። አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱም አለበት። በዚህ ላይ እኛ ወንድሞችና እህቶች እንጨምርበታለን። «ስለማትጸልይ ነው»፣ «እምነትሽ ላልቶ ነው» እንላለን።

ወገኖቼ፣ ይህ መልስ ከቃሉ ጋር አይስማማም። እስቲ ኤልያስን እንመልከት።

ኤልያስ ከዛፉ ሥር

በ18ኛው ምዕራፍ ይህ ሰው በ450 የበኣል ነቢያት ፊት ቆሞ ጸለየ፤ እሳትም ወረደ። ዝናብ ዘነበ። ከአክዓብ ሰረገላ ፊት ፊት እስከ ኢይዝራኤል ሮጠ። ገጹን ገልጠን ወደ 19ኛው ምዕራፍ ስንመጣ ያው ሰው ከኤልዛቤል በመጣ አንድ መልእክት ሸሽቷል። አገልጋዩን በቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞትን ለመነ። እሳት ወርዶለት ያየ ሰው እኮ ነው!

አሁን ሐሳቡን ተከታተሉ። ብቻዬን ቀረሁ ይላል። ነገር ግን በ18፥13 አብድዩ 100 ነቢያትን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ ደብቆ እንደሚመግብ በጆሮው ነግሮታል። ሰምቶታል። በዚህ ሰዓት ግን እነዚያ መቶ ሰዎች በሐሳቡ ውስጥ የሉም። የጨለመበት ሰው የሚያውቀውን መልካም ነገር ሁሉ አያገኘውም።

ሌላም ነገር አለ። በኮሬብ እግዚአብሔር እዚህ ምን ታደርጋለህ ብሎ ጠየቀው፤ ኤልያስም መለሰ። ከዚያ ነፋስ መጣ፣ የምድር መናወጥ መጣ፣ እሳት መጣ፣ በመጨረሻም ለስላሳው ድምፅ። ጥያቄው ተደገመ። ቁጥር 10ን እና ቁጥር 14ን ጎን ለጎን አንብቧቸው። ያን ሁሉ ካየ በኋላ የኤልያስ መልስ ያው ነው! እኛ ሐሳብ ሲያብሰለስል የምንለው ይሄንኑ ነው። ማሰላሰል ነፍስን ይመግባል፤ መብሰልሰል ግን አንዱን መንገድ እየደጋገመ ይረግጣል እንጂ የትም አያደርስም።

ታዲያ እግዚአብሔር ምን አደረገ? ስለ እምነት አልሰበከለትም። መጀመሪያ አስተኛው። መልአክ ልኮ ትኩስ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት። በላ፤ ተመልሶ ተኛ። እንደገና ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ እንደሚከብደው እርሱ ራሱ ያውቅ ነበርና። ጥያቄው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከ40 ቀን ጉዞ በኋላ ነው። ለዚያ ለተደጋገመ መልሱም አልተቆጣውም። ሥራ ሰጠው፣ 7000 ሰዎች እንደቀሩ ነገረው፣ ኤልሳዕንም ጓደኛ አድርጎ ሰጠው።

በአእምሯችን ውስጥ የሚሆነው

እግዚአብሔር የሕመም ስሜትን የፈጠረው ለማስጠንቀቂያ ነው። እጃችን ምድጃ ሲነካ የያዝነውን ሐሳብ ሁሉ አስጥሎ «እዚህ ተመልከት!» ይለናል። ሥራው ትኩረታችንን መንጠቅ ነው። አሁን ሰሚት ወይም ጎሮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናችሁ እንበል። ሌሊት ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና አላርሙ ይጮኻል። አምስት ደቂቃ ቢጮኽ ጥሩ ነው፣ ሌባ ያባርራል። ሦስት ወር ሙሉ ቢጮኽስ? በዚያ ጩኸት መካከል የቤት ወጪ ማስላት፣ ደብዳቤ ማንበብ፣ መጸለይ እንዴት ይቻላል? ሐኪሞች ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመምን ሥር የሰደደ ይሉታል። የሰው ትኩረት ልክ አለው፤ ሕመሙ ግማሹን ከወሰደ ለቀረው ነገር የሚተርፈው ግማሹ ነው። ስለዚህ ድስቱን እሳት ላይ ጥዳ ትረሳለች፤ ለምን ወደ ክፍሉ እንደገባ ይጠፋዋል።

ድባቴም እንዲሁ ነው። ለሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል፣ ልብ ሲከብድ ወይም ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ሲያጣ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ሲዛባ፣ ሐኪሞች ይህን ሕመም ይጠረጥራሉ። ከምልክቶቹ አንዱ ማሰብና ትኩረት መስጠት አለመቻል፣ ትንሽ ነገር ለመወሰን እንኳ መቸገር ነው። ወባ የያዘውን ሰው «ለምን ትንቀጠቀጣለህ?» ብለን አንቆጣውም፤ ብርድ ልብስ እንደርብለታለን። የሐሳብ መበተንም የድባቴ መንቀጥቀጥ ነው። ሁለቱ ሕመሞች ደግሞ ይቀባበላሉ፦ ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣት ልብን ያከብዳል፣ የከበደ ልብ ሕመሙን ያብሰዋል።

በእኛ አካባቢ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከአያት መገናኛ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውለው ሾፌር፣ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ የምትውለው እህት፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ የምትወጣው እናት በየእሑዱ አጠገባችን ይቀመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም እንደነበረባቸው ይናገራል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ብቻህን አይደለህም፤ ብቻሽን አይደለሽም።

መስማት ያቃተው ሕዝብ

በዘፀአት 6 ሙሴ ታላቅ የተስፋ ቃል ይዞ መጣ። ሕዝቡ ግን አልሰሙትም። ለምን? ቁጥር 9 ምክንያቱን ይነግረናል፦ ከባዱ የባርነት ሥራና «ቆጼር ሩኣሕ»። በዕብራይስጥ የመንፈስ ማጠር፣ የትንፋሽ ማጠር እንደ ማለት ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ስብከት መከታተል አይችልም። እግዚአብሔር ታዲያ «ካልሰሙኝ አላድናቸውም» አለ? አላለም! ሙሴን ወደ ፈርዖን ላከው። መስማት ያቃተውን ሕዝብ አወጣው። የመዳናችን መሠረት የትኩረታችን ብርታት አይደለም፤ የእርሱ ታማኝነት ነው። ሃሌ ሉያ!

ብዙዎቻችን የምናውቀው ሰባኪ ቻርልስ ስፐርጀን በዚህ መንገድ አልፏል። በ1856 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሲሰብክ አንድ ሰው «እሳት!» ብሎ ጮኸ፤ በግፊያው 7 ሰዎች ሞቱ። ስፐርጀን ገና 22 ዓመቱ ነበር። ልቡ ክፉኛ ተሰበረ፤ የልብ መክበዱም በሕይወቱ ተመላልሶበታል። ኋላም የሪህ ሕመም ተጨመረበት። ይህን ግን አልደበቀም፤ የመንፈስ መዛል አገልጋዮችን እንደሚያገኛቸው ለተማሪዎቹ በግልጽ አስተምሯል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሕመም ላይ ላለህ፣ ላለሽ፦ ጸሎቱን አሳጥሩት። «ጌታ ሆይ፣ እርዳኝ» ሙሉ ጸሎት ነው። በቀን ምዕራፍ ካልተቻለ አንድ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ካልሆነም በስልክ አዳምጡ። ሕመሙ ጋብ የሚልበትን ሰዓት ለይታችሁ ያንን ለጌታ ስጡ። መዝሙር 88ን አንብቡ፤ በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያበቃል፣ ግን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ያለም ጸሎት ይሰማል።

ሕክምናም ሂዱ። በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀመራል። በእኛ በኩል የካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል አለ፤ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ማዕከል ሆኖ ያወቅነው ይህ ቤት መጀመሪያ ለአእምሮ ሕክምና የታሰበ ነበር። የቆየው አማኑኤልም አለ። ለነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን ቢታዘዝላችሁ አትደንግጡ፤ ለድባቴ የሚሰጥ መድኃኒት በትንሽ መጠን ሕመምንም ያስታግሳል። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነውና ቶሎ አትተዉት። ከመጾማችሁ በፊትም ሐኪም አማክሩ።

እኛ በፈውስ እናምናለን። እጅ እንጭናለን፣ ዘይት እንቀባለን፣ ጌታ ዛሬም ይፈውሳል! ነገር ግን «ጸልየንልሃል፣ ኪኒንህን ጣል» የሚል ትእዛዝ ከጌታ አልተቀበልንም። ኢየሱስ አሥሩን ለምጻሞች ሄደው ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ነግሯቸዋል (ሉቃስ 17፥14)። ፈውስ ምርመራን አይፈራም። ተፈውሰህ እንደሆነ ሐኪምህ አይቶ መድኃኒቱን ይቀንስልህ።

ለቤተ ክርስቲያን፦ መልአኩ ያደረገውን አድርጉ። ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። ቶሎ ተነሡ፣ ሰውየውን በረጅም ምክር አታድክሙት። የሆስፒታል ቀጠሮውን እናንተ አስታውሱለት፤ ወረፋው ላይ አብራችሁት ተቀመጡ። በማርቆስ 2 ሽባውን አራት ሰዎች ተሸከሙት፤ ኢየሱስም የእነርሱን እምነት አየ። ማመን ያቃተው ወንድማችሁ ላይ አትፍረዱ፤ እስኪበረታ ድረስ እናንተ እመኑለት። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ደግሞ በዋዛ አትለፉት። ገሥጻችሁም አትሂዱ። ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ አድርሱት።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ሐሳባቸው ለተበተነ ልጆችህ አንተ ራስህ ሐሳብ ሁናቸው። ለደከሙት እንቅልፍ ስጥ። ለሐኪሞች ጥበብን፣ ለእኛም ትዕግሥትን ስጠን። ሰውነታቸውን ዳስሰህ ፈውስ። እነርሱ አንተን ማሰብ ባቃታቸው ሰዓት አንተ ስለምታስባቸው እናመሰግንሃለን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ይህን ትራክት አንብበው ሲጨርሱ አልጋ ላይ ላለ ሰው ያድርሱ። ማንበብ ከከበደው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያንብቡለት።